ዳጣና አዋዜ ያለ ግሉተን፦ ግሉተኑ በየት በኩል ይገባል? እቤትስ በሩብ ሰዓት እንዴት ይሠራል?

በፋሲካ ሰሞን ቤተሰብ ተሰብስበን ጥብስ ልንበላ አንድ ምግብ ቤት ገባን። የእህቴ ልጅ ሲሊያክ የሚባል ሕመም አለባት። ስንዴና ገብስ ያለበት ነገር አትበላም። ስለዚህ ዳቦ እንዳይቀርብ ነገርን፤ እንጀራውም ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ጠየቅን። ሁሉም ተስተካከለ ብለን እጃችንን ልንሰድ ስንል እህቴ አስተናጋጁን ጠራችው። “የኔ ወንድም፣ አዋዜው በምንድን ነው የተበጠበጠው?” አለችው። ልጁ ማድ ቤት ገብቶ ጠይቆ መጣ። “በቢራ ነው” አላት። አዋዜው ከትሪው ላይ ተነሳ።

ያን ቀን ነገሩ ግር አለኝ። አዋዜ በርበሬ ነው፤ በርበሬ ደግሞ ስንዴ አይደለም። ታዲያ ልጅቷን የሚያሳምማት ነገር ከየት መጣ? ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠየቅኩ፣ አነበብኩ፣ እቤትም ደጋግሜ ሠራሁ። “ግሉተን የሌለበት” የሚለው ቃል አሁን በየሱቁና በየምግብ ዝርዝሩ ላይ እየበዛ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚያስረዳ ሰው ብዙም አላገኘሁም። ያወቅሁትን በቀላሉ ላስቀምጠው።

ግሉተን ምንድን ነው?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት ነው። በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ትንሽ የስንዴ ሊጥ አቡኩና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እያሻችሁ እጠቡት። ነጩ ስታርች በውሃው ይሄዳል። እጃችሁ ላይ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ይቀራል። ግሉተን እሱ ነው። የስንዴ ዳቦ የሚነፋው፣ ድፎውም ሲቆረጥ የማይፈረፈረው ይህ ላስቲክ የመሰለ ነገር አየሩን አፍኖ ስለሚይዝ ነው።

ጤፍ ይህ ነገር የለውም። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስርና እንሰትም የላቸውም። የእኛ ማዕድ በተፈጥሮው ለሲሊያክ ታማሚ ከብዙ አገር ማዕድ ይልቅ የሚመች ነው።

መጠንቀቅ ያለበትስ ማን ነው?

አብዛኛው ሰው ግሉተን ቢበላ ምንም አይሆንም። ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ግሉተን መርዝ ነው ብለው የሚያስፈራሩ ሰዎች አሉና። ጤነኛ ሰው ዳቦውን ይብላ።

ሲሊያክ ያለበት ሰው ግን ሌላ ነው። በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ገደማ ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። ብዙዎቹም አያውቁትም። ግሉተን ሲበሉ የሰውነታቸው መከላከያ ይሳሳትና የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። የአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ አዲስ ፎጣ ነው። ጥቃቅን ክሮች ቆመውበታል። ምግቡን የሚመጡት እነዚህ ክሮች ናቸው። በሲሊያክ ጊዜ ክሮቹ እያለቁ ይተኛሉ። ያለቀ ፎጣ ውሃ እንደማይመጥ ሁሉ ያ አንጀትም ምግብ አይመጥም። ከዚያ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስ፣ ድካም፣ የልጅ አለማደግ ይከተላል። መድኃኒቱ እስካሁን አንድ ነው፤ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው።

ስንዴ የዚህ ሕመም ምክንያት መሆኑን ያሳየው ዊለም ዲከ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነው። ቀድሞም ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በጦርነቱ ሳቢያ አገሩ ውስጥ ረሃብ ገባ፣ ዳቦ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሲከሳ የሲሊያክ ታማሚ ልጆች ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ።

ከሲሊያክ ሌላ የስንዴ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ሲሊያክም አለርጂም ሳይኖርባቸው ስንዴ ሲበሉ ሆዳቸውን የሚያማቸውም አሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሐኪም ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሳትመረመሩ በራሳችሁ ስንዴ አታቁሙ። የሲሊያክ የደም ምርመራ የሚሠራው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። ካቆማችሁ በኋላ ብትመረመሩ ሕመሙ እያለ “የለባችሁም” ሊባል ይችላል።

በርበሬ ውስጥ ከሌለ፣ ግሉተኑ በየት ይገባል?

በርበሬ፣ ቃሪያ፣ ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨው። አንዱም ግሉተን የለውም። ስለዚህ ዳጣም አዋዜም በተፈጥሯቸው ንጹሕ ናቸው። ግሉተኑ የሚገባው እኛ በምንጨምረው ነገርና በዕቃችን በኩል ነው።

የመጀመሪያው መግቢያ መበጥበጫው ነው። አዋዜ ደረቅ በርበሬ ስለሆነ በሆነ ፈሳሽ መቅጠን አለበት። በቢራ የሚበጠብጥ አለ፤ ቢራ የሚጠመቀው ከገብስ ብቅል ነው። በጠላ የሚበጠብጥም አለ፤ ጠላም ብቅልና ብዙ ጊዜ ገብስ አለበት። ሁለቱም አይሆኑም። ጠጅ ግን ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው፤ እህል የለበትም። ንጹሕ ጠጅ ከሆነ ይሆናል። አረቄስ? አረቄ የሚወጣው ከእህል ቢሆንም ሲንጠባጠብ ፕሮቲኑ ከእንፋሎቱ ጋር አይወጣም፤ ድፍድፉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በትክክል የወጣ አረቄ ግሉተን አይኖረውም። መጠጥ የማይገባበት ቤት ደግሞ በውሃና በሎሚ ይበጠብጣል። ከጣዕም የሚጎድል ነገር የለም፤ ለእኔ እንዲያውም የሎሚው ይበልጣል።

ሁለተኛው መግቢያ ወፍጮ ቤት ነው። በርበሬያችሁን አሰናድታችሁ፣ ቀንጥሳችሁ፣ በፀሐይ አድርቃችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ብዙ ወፍጮ ቤት ለበርበሬ የተለየ ወፍጮ አለው፤ ጤፉ በርበሬ በርበሬ እንዳይል ነው። ከፊታችሁ የነበረችው ሴት ግን በዚያው ወፍጮ ምን እንዳስፈጨች ጠይቁ። ሽሮ ከሆነ ጉዳት የለውም። በሶ ወይም የስንዴ ዱቄት ከሆነ ግን ወፍጮው ውስጥ የተረፈው ዱቄት ከእናንተ በርበሬ ጋር ይወጣል። ለሲሊያክ ታማሚ የሚሆነውን እቤት በትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ መፍጨት ይሻላል። ለአዋዜ የሚያስፈልገው ጥቂት ስለሆነ ብዙም አያደክምም።

ሦስተኛው ተፈጭቶ የሚሸጥ በርበሬ ነው። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና ስንት ጊዜ ሰምተናል? ክብደት ለመጨመር የሚገባው ነገር ምን እንደሆነ ገዢው አያውቅም። ዛላውን ገዝቶ ማዘጋጀት ለማንም ይጠቅማል፤ ለሲሊያክ ታማሚ ደግሞ የግድ ነው ብዬ አምናለሁ።

አራተኛው የቤታችን ዕቃ ነው። የእንጨት ሙቀጫ ስንጥቅ አለው። ትናንት ገብስ የተወቀጠበት ሙቀጫ ቢታጠብም ስንጥቁ ውስጥ ይደብቃል። ከሁሉ የሚከፋው ወንፊት ነው። የስንዴ ዱቄት የተነፋበትን ወንፊት አጥቦ መጨረስ አይቻልም፤ ዱቄቱ ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ሰው የሚሆን አንድ ትንሽ ወንፊትና አንድ የድንጋይ ወይም የብረት ሙቀጫ ለይታችሁ አስቀምጡ። በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ በበዓል ግርግር ማንም አይቶ የሚለየው እንዲሆን።

ውጭ አገር ለምትኖሩ ሌላም አለ። ማልት ቪኒገር የሚባለው ኮምጣጤ ከገብስ ነው፤ ነጩ ኮምጣጤ ግን ችግር የለውም። ሶያ ሶስ ብዙ ጊዜ ስንዴ አለበት። የተፈጨ ሰናፍጭ እንዳይጓጉል ተብሎ አንዳንዱ የስንዴ ዱቄት ይገባበታል፤ ፍሬውን ገዝታችሁ ፍጩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንጀራው! አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ “የኢትዮጵያ እንጀራ” ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነው። አዋዜውን አጥርታችሁ ስትሠሩ ከርማችሁ በእንዲህ ያለ እንጀራ ብትበሉት ልፋቱ ከንቱ ነው።

ትንሽ ብትገባ ምን ታመጣለች?

“ኧረ ቁንጥጫ ዱቄት ሰው አትገድልም” የሚሉ አክስት በየቤቱ አሉ። ክፋት የላቸውም፤ ግን እንቁጠረው።

በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ ምግብ “ግሉተን የሌለበት” ተብሎ እንዲጻፍበት በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አንድ ኪሎ አንድ ሚሊዮን ሚሊግራም ነው። ከሚሊዮን 20 ማለት ነው።

አሁን አንድ ብርጭቆ አዋዜ፣ ሩብ ኪሎ የሚሆን እንውሰድ። እንዲወፍር ብላችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ጨመራችሁበት እንበል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ሁለት ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል። ከዱቄቱ አንድ አሥረኛው ያህል ግሉተን ነው፤ 250 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህ በሩብ ኪሎ ውስጥ ነው፤ በኪሎ ሲሰላ 1000 ሚሊግራም ይሆናል። ከተፈቀደው 50 እጥፍ። በሁለት ጣት የተቆነጠጠችው ዱቄት ራሷ ከገደቡ ብዙ እጥፍ ታሳልፈዋለች።

በየቀኑ 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር የወሰዱ የሲሊያክ ታማሚዎች አንጀት ሲጎዳ በጥናት ታይቷል። አንዳንዱ ታማሚ በልቶ ምንም ላይሰማው ይችላል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ አላመመኝም ማለት አልተጎዳሁም ማለት አይደለም።

ቢበስልስ አይጠፋም?

አይጠፋም። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ግሉተን ጀርም አይደለም፤ በእሳት አይሞትም። ዳቦ በምድጃ በስሎም ግሉተኑ አለ። አብሲት ቢገባበት፣ ቢብላላ፣ ማቀዝቀዣ ቢከርም ያው ነው። ከዕቃ ላይ የሚወጣው በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ ተፈግፍጎ ብቻ ነው።

እሺ፣ ዳጣው እንዴት ይሠራል?

ዳጣ በደቡብ አካባቢ፣ በወላይታ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌ ከሥጋና ከቆጮ ጋር የሚቀርብ ማባያ ነው። ከእርጥብ ቃሪያ ስለሚሠራ ማድረቅ፣ ማስፈጨት፣ መጠበቅ የለበትም። ለችኩል ሰው የተፈጠረ ነው። ከአረንጓዴ ቃሪያ ቢሠራም ከቀይ ቢሠራም ያው ነው፤ ቀዩ የበሰለው ነው፣ ትንሽ ይጣፍጣል።

ለአራት ሰው የሚበቃውን ልንገራችሁ። ቃሪያ 10 ፍሬ። ነጭ ሽንኩርት 6 ፍሬ። አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል። አንድ እፍኝ እርጥብ በሶብላ፣ ከተገኘ ሁለት ሦስት ቅጠል ጤና አዳም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ድንብላል፣ ከሩብ የማይበልጥ ኮረሪማ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። የአንድ ትልቅ ሎሚ ጭማቂ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ውጭ ላላችሁ፣ በሶብላ ከሌለ የፈረንጁ ባዚል ይሆናል፤ መዓዛው አንድ አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው።

መጀመሪያ ድንብላሉን በደረቅ መጥበሻ አንድ ደቂቃ አመስ አድርጉት። መዓዛው ሲነሳ አውጡ፤ ካረረ ይመርራል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱን ከጨው ጋር ለብቻው ውቀጡ። ጨዉ እንደ አሸዋ ሆኖ ያደቅቀዋል፤ ሽንኩርቱም ከሙቀጫው አይዘልም። የተወቀጠውን ወደ አሥር ደቂቃ ተዉት።

ለምን? ያልተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት ብዙም አይሸትም። ውስጡ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን፣ በተለያየ ክፍል እንደሚኖሩ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። ሲወቀጥ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ያ የምናውቀው ኃይለኛ ሽታና ጣዕም ይፈጠራል። መገናኘቱ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ሎሚ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ሥራውን ያዳክመዋል። ስለዚህ ሎሚ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ። እኔ ይህን ሳላውቅ ዓመታት ሙሉ ሎሚውን መጀመሪያ እጨምር ነበር፤ ዳጣዬም ሽንኩርቱ ጠፍቶ ለስለስ ይልብኝ ነበር። አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርቱ ከሎሚው ጋር ሲቆይ ወደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይለወጣል። አትደንግጡ፤ አልተበላሸም፣ መልኩ ብቻ ነው።

ሽንኩርቱ ሲጠብቅ ቃሪያውን ሰንጥቁ። ማቃጠሉን መቀነስ ከፈለጋችሁ ፍሬውን ብቻ አራግፎ መተው አይበቃም። የሚያቃጥለው ነገር የሚመረተው ፍሬው የተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ላይ ነው። እሱን በቢላ ጫፍ ላጡት። ለልጆች ሙሉውን አውጡ፣ ለደፋሮቹ ተዉት። ቃሪያውን፣ ዝንጅብሉንና ቅጠሉን ከታትፋችሁ ከቅመሙ ጋር ሽንኩርቱ ላይ ጨምሩና ውቀጡ። በጣም እንዲልም ግን አታድርጉት፤ ከላመ ጭማቂ ይሆናል። ትንሽ ሻከር ያለ ዳጣ ሥጋ ላይ ይይዛል። በመጨረሻ ሎሚና ዘይት ጨምሮ በማንኪያ ማማሰል። አለቀ።

ብሌንደርም ይሠራል፤ በትንሽ በትንሹ እያቋረጣችሁ ምቱት። ውሃ ግን አትጨምሩ፤ ካልዞረላችሁ ዘይቱን ቀደም አድርጉ። የእኔን ከጠየቃችሁኝ ሙቀጫው ይበልጣል፤ ብሌንደር ይቆርጣል፣ ሙቀጫ ይጨምቃል፤ መዓዛው የሚወጣው ሲጨመቅ ነው።

አዋዜውስ?

ያጥራል። አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ ቁንጥር ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። መጀመሪያ በርበሬውን በዘይቱ እሹት። ከዚያ ጠጁን፣ ወይም ለብ ያለ ውሃና ሎሚ፣ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ አማስሉ። እንደ ማር ሲንጠባጠብ በቂ ነው።

ወዲያው ከቀመሳችሁት ጥሬ ጥሬ ይላል። ደረቅ በርበሬ ውሃ እስኪጠጣ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን በጥብጡ፣ ሥጋው እስኪጠበስ ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርት አልጨመርኩም፤ በርበሬው ሲሰናዳ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ አብሮት ስለደረቀ አለው። ለምን እንዳስቀረሁት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ታች እደርስበታለሁ።

ለምን ያቃጥላል? ውሃስ ለምን አያበርደውም?

ቃሪያና በርበሬ ውስጥ ካፕሳይሲን የሚባል ነገር አለ። ምላሳችን ላይ ሙቀትን የሚጠብቁ በሮች አሉ። ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሞቀ ነገር ሲነካቸው ተከፍተው “ተቃጠልክ!” የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይልካሉ። ካፕሳይሲን ለዚያ በር ተመሳስሎ እንደተቀረጸ ቁልፍ ነው። ሙቀት ሳይኖር በሩን ይከፍተዋል። አንጎላችን ተቃጠልን ብሎ ያልበናል፣ አፍንጫችን ይፈስሳል፣ ቁስል ግን የለም። ይህን በር ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑሺያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም። በዘይትና በአልኮል ይሟሟል። ለዚህ ነው አፋችሁ ሲቃጠል ውሃ ብትጠጡ ቃጠሎውን ይዞ አፋችሁን ሙሉ የሚያዳርሰው። እርጎ፣ ወተት፣ አይብ ግን ይዘውት ይሄዳሉ። አይብ ከቃሪያ ጎን የሚቀርበው እናቶቻችን ይህን በልምድ ስላወቁት ነው። በጾም ከሆነ አንድ ጉርሻ ደረቅ እንጀራም ይረዳል።

እጃችሁንም በውሃ ብቻ ብትታጠቡት ያው ነው። መጀመሪያ በዘይት እሹት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። እስከዚያ ዓይን አይነካም፤ ሕፃንም አይታቀፍም።

ስንት ቀን ይቆያል?

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚወጣ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር አፈር ውስጥ አለ። ይህ ባክቴሪያ አየር አይወድም። ዘይት ደግሞ አየር ያስቀራል። ስለዚህ ዘይት ውስጥ የተነከረ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ማቀዝቀዣ ሳይገባ ሲቆይ ለእሱ ምቹ ቤት ነው። የሚያመርተው መርዝ አይሸትም፣ ምግቡንም አያሻግትም፣ ሰው ግን ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ሳይገባ በተቀመጠ ዘይት ያለው ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎች በዚህ ታመዋል።

ሎሚው ይከላከላል፤ ይህ ባክቴሪያ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ አያድግም። ግን እቤት ውስጥ ኮምጣጣነቱ በቂ መሆኑን መለካት አንችልም። ስለዚህ ዳጣው የተሠራ ዕለት ማቀዝቀዣ ይግባ፤ በአራት ቀን ውስጥ ይበላ። ከዚያ በላይ ለማቆየት በበረዶ መሥሪያው ፕላስቲክ ላይ አከፋፍላችሁ በረዶ አድርጉት። ሲያስፈልግ አንድ አንድ ፍሬ ታወጣላችሁ፤ ሁለት ሦስት ወር አይበላሽም። አዋዜው ውስጥ እርጥብ ሽንኩርት ያላስገባሁትም ለዚህ ነው። እሱንም ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት።

“እናቴ ድልህ ወራት ታቆይ የለም ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። ታቆያለች። ያ ግን ብዙ ጨው የገባበት፣ ቀናት የተብላላ፣ ሌላ ዝግጅት ነው። የሩብ ሰዓቱ ዳጣ የእሱን ዕድሜ አይወርስም።

በአንድ ማዕድ ስንበላስ?

ሁሉም ነገር ንጹሕ ሆኖ ተሠርቶ፣ መሶቡ ላይ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው ዳቦውን ቆርሶ አዋዜው ውስጥ ይነክራል። ፍርፋሪው ይቀራል። ቀጥሎ ያቺ ልጅ በጤፍ እንጀራዋ ከዚያው ትጠቅሳለች። አለቀ።

እኛ ቤት አሁን መጀመሪያ የእሷ በትንሽ ሳህን ይወጣል፣ ከዚያ የቀረው ለሁላችን ይቀርባል። ማንኪያም አለው። ለየብቻ መብላት ግን አልፈለግንም፤ እሷም ገና ልጅ ናት፣ ከማዕድ መለየት ከሕመሙ በላይ ያማታል። ስለዚህ ዳቦው ከመሶቡ ወርዶ ሌላ ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ መሶቡ ላይ ያለው ሁሉ እሷ የምትበላው ነው። ሊያጎርሳት የፈለገ እጁን ታጥቦ፣ ከእሷ በኩል ካለው እንጀራ ቆርሶ፣ ከእሷ ሳህን አጥቅሶ ያጎርሳታል። አያቷ ይህን መጀመሪያ ረስተውት ነበር። አሁን ግን ገና ከመቀመጣቸው “እጄን አስታጥቡኝ፣ ልጄን ላጉርሳት” የሚሉት እሳቸው ናቸው።